«ሰው ይዘው ይምጡ» የተባሉት መምህር

ጋሽ ይፍሩ ካረፉ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የምሠራው አጥቻለሁ። ሥራ ጠፍቶ አይደለም። የሚታጠብ ልብስ አለ፣ እህቴ ቤት መሄድ አለ፣ ተኝቶ መዋልም አለ። ግን ምሳ በልቼ ሳበቃ እግሬ ሳላዘው ወደ እድራችን አዳራሽ ይወስደኛል። በሩ ላይ ስደርስ ቁልፉ ተንጠልጥሎ አየውና እመለሳለሁ። ባለፈው ጊዜ የእድሩ ዳኛ አገኙኝና «ምነው ልጄ፣ ድንኳን ፈልገሽ ነው?» አሉኝ። «አይ፣ እንዲሁ ነው» አልኳቸው። ምን ልበላቸው?

ጋሽ ይፍሩ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምረው ጡረታ ወጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ባለቤታቸው ሞቱባቸው። ልጅ አልነበራቸውም። ቤት መዋል ያልለመዱ ሰው ስለነበሩ እድሩን አስፈቅደው፣ ጉለሌ ወደ እንጦጦ የሚወስደው ዳገት ከመጀመሩ በፊት ባለችው አዳራሽ ውስጥ ለትልልቅ ሰዎች በነጻ ማስተማር ጀመሩ። የምንቀመጠው ለቀስተኛ በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ነው። ከኋላችን የእድሩ ብረት ድስቶች ተደራርበው ይቀመጣሉ፤ ሰፈር ውስጥ ሰው የሞተ ቀን ደግሞ ወንበሩም ድስቱም ይወጣና ትምህርት አይኖርም።

እኔ ያኔ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ለመቀጠር የምሯሯጥ ልጅ ነበርኩ። ሰርተፊኬቱ ነበረኝ፤ አፌ ግን እንግሊዝኛ ጋ ሲደርስ ይቆለፋል። ከእኔ ጋር የሚማሩት ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰዎች ነበሩ። ዘነበ ሽሮ ሜዳ ከወንድሙ ጋር ጥበብ የሚሠራ ሸማኔ ነው፤ ፈረንጅ ደንበኛ ሲመጣበት የሚያስተረጉምለት ደላላ አማሮት ነው የመጣው። እትዬ ብዙነሽ የልጅ ልጃቸው የቤት ሥራዋን ስታሳያቸው «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ብላ ስለሳቀችባቸው እልህ ይዟቸው ነው። ቶላ ከእንጦጦ ጀርባ የመጣ፣ እንግዶችን ጫካ ለጫካ የሚያዞር ወጣት ነው። ከእናቱ ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከፈረንጅ ጋር በእጁ ነበር የሚያወራው።

ጋሽ ይፍሩ ረጅምና ቀጭን ነበሩ። ያቺ ቡናማ ኮታቸው ቀኝ ክንዷ ዘወትር ነጭ ነው፤ ሰሌዳ የሚያጠፉት በክንዳቸው ስለሆነ። አዋጥተን ዳስተር ገዛንላቸው። አመሰገኑ፣ ኪሳቸው ከተቱት፣ በክንዳቸው ማጥፋታቸውን ቀጠሉ። ጠይቀውን መልስ ሲጠፋን አይቆጡም፤ ሌባ ጣታቸውን ቀጥ አድርገው አየር ላይ ያቆሙና ዝም ይላሉ። ጣቷ መልስ እስኪመጣ አትወርድም። ቶላ አንድ ቀን «ጋሽዬ፣ በቃ ያውርዷት፣ እጅዎ ይዝላል» ቢላቸው፣ «መልስልኝና ላውርዳት» አሉት።

አንድ ሕግ ነበራቸው፤ በእሱ ቀልድ አያውቁም። ማንኛችንም በምሳሌ የምንጽፈው ዓረፍተ ነገር እውነት መሆን አለበት። መጽሐፉ ውስጥ እሑድ እሑድ ዓሣ የሚያጠምድ ጆን የሚባል ሰው ነበር፤ የመጀመሪያው ቀን ዘነበ ያንን ገልብጦ ሰሌዳው ላይ ጻፈ።

«ጆን የሚባል ሰው ታውቃለህ?» አሉት።

«ኧረ የለም።»

«ዓሣ ሲያጠምድ አይተኸዋል?»

«ጋሼ፣ መጽሐፉ ነው እኮ ያለው።»

«ስለማታውቀው ሰው አትመስክር» አሉና በክንዳቸው አጠፉት። «በሐሰት አትመስክር የተባለው በእንግሊዝኛም ይሠራል።»

እኔ አንዴ ለማሳመር ብዬ አባቴ ሐኪም ነው ብዬ ጻፍኩ። አንብበው ወደ እኔ ዞሩ። «ናቸው?» አሉኝ። አይደሉም፣ ሹፌር ነበሩ አልኳቸው። «ታዲያ ሹፌር ምን አደረገሽ?» አሉ። አባቴን ወደ ሹፌርነቱ መለስኩት፤ እስከ ዛሬ ስለ እሱ የጻፍኩት ብቸኛ ዓረፍተ ነገር ያ ነው።

ፍሬዛል ቨርብ የሚባለውን ጣጣ የጀመርን ጊዜ ግን ሕጉ ወደ ሌላ ነገር አመራን። ጋሽ ይፍሩ እንዳሉት፣ እንግሊዞች አንድ ግስ ያነሡና ጭራው ላይ ትንሽ ቃል ለጥፈው ትርጉሙን ሰው ወደማያውቀው ቦታ ይዘውት ይሄዳሉ። የዚያን ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ የጻፉት «ካውንት ኦን» የሚል ነበር። ካውንት መቁጠር ነው፣ ኦን ላይ ነው። እትዬ ብዙነሽ ሁለቱን ደመሩና «ላይ መቁጠር» አሉ። ቀጥለውም «ምን ላይ ነው የሚቆጠረው?» ብለው ጠየቁ።

«ሰው ላይ» አሉ ጋሽ ይፍሩ።

ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። ሰዓትም ሆነ ፍሬን ስትተማመንበት ሪላይ ኦን ልትለው ትችላለህ፤ ትናንት ሠርቷል፣ ዛሬም ይሠራል ብለህ ነው አሉ። ካውንት ኦን ግን በአብዛኛው ገና ያልተደረገ ነገር ላይ ነው። ሰውየው ገና አልመጣም፤ አንተ ግን እንደመጣ ቆጥረኸዋል። የሰውየውን ስም ትጠራለህ፣ ከኋላው ደግሞ ምን እንዲያደርግልህ እንደምትጠብቅ ትቀጥልበታለህ። ከፊቱ «ዶንት» ከገባ ግን ተስፋ አታድርግ ማለት ነው፤ ፈረንጆች ሰውን በጨዋ ደንብ የሚያሰናብቱት በዚያ ነው።

«ለአዲሱ ገበያ ታክሲስ ይሆናል?» አለ ቶላ።

«ለእሱ ዶንቱን አትርሳ» አሉት።

ቀጠሉና በአማርኛ ምን እንደምንለው ጠየቁን። መዝገበ ቃላቱ «ተማመነ» ይላል፣ ልክም ነው አሉ። ከዚያ ወደ ዘነበ ዞረው፣ «ወንድምህን ዓይኑን እያየህ 'እተማመንብሃለሁ' ብለኸው ታውቃለህ?» አሉት።

«እንዲህ ካልኩትማ ጉድ ይዤበት የመጣሁ ነው የሚመስለው።»

«አየህ? አሠሪ ነው ለሠራተኛው እንዲህ የሚለው። እኛ ቤት ውስጥ እንዲህ አንልም። እኛ 'ሰው አለኝ' ነው የምንለው። እነሱ ስሙን ይጠሩታል፤ እኛ እንደብቀዋለን።»

ከዚያ የቤት ሥራውን ሰጡን። እያንዳንዳችን ሰው አለኝ የምንለውን አንድ ሰው በስሙ ጠርተን ዓረፍተ ነገር እንሠራለን። የሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ወደዚያ ሰው ሄደን፣ በአማርኛ፣ ስለ አንተ እንዲህ ብዬ ጽፌአለሁ ብለን እንነግረዋለን። ሰውየው «አይ፣ እኔ ላይ አትቁጠር» ካለ ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት ነውና ይጠፋል።

እንዲህ ያለ የቤት ሥራ ሰምቼ አላውቅም። ዘነበ ለወንድሙ ሸማ እየሠሩ ሳለ ነገረው። ወንድሙ መወርወሪያውን አቆመና «ምን ፈልገህ ነው?» አለው። ምንም። «ታዲያ ለምን ነገርከኝ?» ሁለቱም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ወንድሙ ምሳ ሲመጣለት ለዘነበም ማስመጣት ጀመረ። እትዬ ብዙነሽ የጠሩት በጎርፍ ቦይ ምክንያት የተኳረፏትን ጎረቤታቸውን ነበር፤ ሲነግሯት አለቀሰች፣ እሳቸውም አለቀሱ፣ ቦዩ ግን እስከ ዛሬ አልተስተካከለም። ቶላ የውሻውን ስም ጻፈ። ልንስቅበት ስንል ጋሽ ይፍሩ ጣታቸውን አቆሙና «እውነት ነው?» አሉት። እውነት ነው አለ። «እንግዲያው ሂድና ንገረው» አሉት፤ ሄዶም ነገረው።

እኔ የጻፍኩት ታላቅ እህቴን ነበር። ቤቷ ሄጄ ነገርኳት። ልጇን እያጠበች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም። «በእኔ አትመኪ ትርሲትዬ» አለችኝ። «እኔ ራሴ በቅጡ አልቆምኩም።» ከክፋት እንዳልሆነ ገባኝ፤ ግን ከቤቷ እስከ ታክሲው ድረስ ዓይኔን እየጠረግሁ ነው የወረድኩት። ቅዳሜ ለጋሽ ይፍሩ ስነግራቸው ዓረፍተ ነገሬን በቀስታ፣ ፊደል በፊደል አጠፉት። «እውነቱን ነግራሻለች። ስንቱ ሰው አለሁ እያለ ይጠፋል» አሉኝ። ቀጥሎ እትዬ ብዙነሽ ነገሩን ለማለዘብ ብለው፣ «የእርስዎስ ዓረፍተ ነገር ጋሽ ይፍሩ?» አሏቸው።

«አስተማሪ የቤት ሥራ አይሠራም» አሉ፤ ሰሌዳውንም ከዳር እስከ ዳር ጠረጉት። ከክፍሉ ውስጥ ዓረፍተ ነገር ያልነበረን እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን። ይህን ከእኔ በቀር ያስተዋለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ወራት አለፉ። ሆቴል ተቀጠርኩ፤ አፌ የተከፈተው በእሳቸው ጣት ነው። ቅዳሜን ግን አልተውኩም። በዚያ ሰሞን ጋሽ ይፍሩ ሲያስተምሩ ቀኝ ጎናቸውን በእጃቸው መጫን አብዝተው ነበር። እኛ ቃሉን ለማጥበቅ የሚያደርጉት ይመስለን ነበር።

አንድ ቀን የሌሊት ተረኛ ሆኜ አድሬ፣ ረፋድ ላይ አዲሱ ገበያ ከታክሲ ስወርድ አየኋቸው። ከሌላ ታክሲ እየወረዱ ነበር። በእጃቸው ትልቅ ፌስታል ይዘዋል፤ ከአፉ የጋቢ ጫፍ ወጥቷል፣ ከጎኑ ኩባያና ሳሙና ይታያል። እንዲህ ያለ ፌስታል ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሆስፒታል ሊተኛ የሚሄድ ሰው ፌስታል ነው።

«ጋሽ ይፍሩ፣ ከየት ነው?»

«የታመመ ሰው ልጠይቅ ሄጄ።»

«ጋቢ ይዘው?»

ፌስታላቸውን ልቀበላቸው ብል እጃቸውን አሸሹ። አብረን መራመድ ጀመርን፤ እሳቸው ጎናቸውን ይዘው፣ እኔ ፌስታሉን እያየሁ። ብዙ ከሄድን በኋላ ነገሩኝ። የሐሞት ጠጠር ነው፤ መውጣት አለበት ተብለዋል። ቀጠሮው ደርሶ ሄዱ፣ አልጋም ተገኘ። ነርሷ «አስታማሚዎ የታሉ?» አለቻቸው። ብቻዬን ነኝ አሏት። ሰው ይዘው ይምጡ ብላ መለሰቻቸው። ይህ ደግሞ የመጀመሪያቸው አልነበረም፤ ቀደም ባለው ቀጠሮም በዚሁ ምክንያት ተመልሰዋል።

ነርሷ ላይ አልፈርድም። እኛ ዘንድ ሆስፒታል የሚተኛ ሰው ያለ አስታማሚ አይሆንለትም። መድኃኒት ፍለጋ የሚሮጥ፣ ምግብ የሚያመላልስ፣ ሐኪም «የእሱ ሰው» ብሎ ሲጣራ «አቤት» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

«ሰው ይዘህ ና ይሉኛል» አሉ፣ እንደ መሳቅ ብለው። «እኔስ ራሴ ሰው አይደለሁም?»

«እኔ አለሁ አይደል ጋሽ ይፍሩ? እኔ እመጣለሁ።»

«አንቺ ሥራ አለሽ።»

«ፈቃድ እጠይቃለሁ።»

«አይሆንም ልጄ። ካርቶን ላይ ማደር አለ፣ መሮጥ አለ። የሰው ልጅ እንዲህ አይደረግም።»

«ጠጠሩ የባሰ ቢያደርግዎትስ?»

«እግዚአብሔር ያውቃል» አሉና ወደ ቤታቸው ታጠፉ። ሐኪሙ ነገሩ ውሎ ካደረ አደገኛ ነው እንዳላቸው ያወቅሁት ኋላ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጣቱን አቁሞ የሰውን መልስ ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ አንዲት ጥያቄ ጠይቆ መልሷን መጠበቅ አቅቶት ሊሞት ነበር። ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ፤ ተናድጄም አዝኜም ነበር።

ቅዳሜ ለእነ ዘነበ ቀድሜ ነገርኳቸው። ምን እናድርግ አልን። ቶላ ተሸክመን እንውሰዳቸው አለ፤ እንዲህ ያለ ሰው ተሸክመህ ብትወስደው በእግሩ ይመለሳል። ጋሽ ይፍሩ ገብተው እንደ ወትሯቸው የምሳሌ ዓረፍተ ነገር ያለው ሲሉ ተነሣሁ። ጠመኔውን ተቀበልኩና በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፤ ጋሽ ይፍሩ ሃዝ ኖባዲ ቱ ካውንት ኦን። ጋሽ ይፍሩ ሰው የላቸውም ማለቴ ነው።

ጽሑፌ ወደ ታች ሄዷል። ጋሽ ይፍሩ አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ሰዋስው የሳትኩ መስሎኝ ነበር።

«ሕጉን ታውቂያለሽ» አሉኝ።

«አውቃለሁ። እውነት ከሆነ ይቆይ። ሐሰት ከሆነ ያጥፉት።»

እትዬ ብዙነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። ዘነበ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ጋሼ፣ ሌሊቱን እኔ ነኝ» አለ። ቶላ ቀጠለና መድኃኒት ከተባለ ከተማውን በእግሩ አዳርሶ እንደሚመለስ ተናገረ። እትዬ ብዙነሽ «አጥሚቱን ለእኔ ተዉት» አሉ። ጋሽ ይፍሩ ወደ እነሱ አልዞሩም፤ ፊታቸው ወደ ሰሌዳው ነበር። ክንዳቸውን አነሡና ከመጨረሻው ቃል ጀምረው እስከ ስማቸው ድረስ አጠፉት። ከዚያ መጥተው ከመካከላችን፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እዚያ ተቀምጠው አይተናቸው አናውቅም።

«ሰኞ ጠዋት ነው የምንሄደው» አሉ።

ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነ። ጋሽ ይፍሩ ግን አስቸጋሪ በሽተኛ ነበሩ፤ የሾርባ ኩባያ ላቀብላቸው ስል ራሳቸው ለመያዝ ይታገላሉ፣ ያፈሳሉ፣ ይቅርታ ይጠይቃሉ። በሦስተኛው ቀን ገደማ ታገሉ ታገሉና ተዉት። ዝም ብለው አፋቸውን ከፈቱልኝ። ያን ሾርባ ሳጠጣቸው የተሰማኝን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ደስታ ነበር። አባቴ ሳላስታምመው ነው የሞተው።

ከጎናቸው ባለው አልጋ ላይ ሙላት የሚባል ጎልማሳ ተኝቶ ነበር። ለቀን ሥራ ከገጠር መጥቶ፣ ከፎቅ ላይ ወድቆ እግሩ የተሰበረ ነው። አብረውት የሚሠሩት አምጥተው አስተኝተውት ሄደዋል። ነርሷ የመድኃኒት ወረቀት ይዛ ገባችና «የዚህ ሰው ሰው ማነው?» አለች። የመለሰላት የለም። ደግማ ስትጠይቅ ጋሽ ይፍሩ ከትራሳቸው ሳይነሡ «እኛ ነን» አሉ።

ጎንበስ ብዬ፣ «ጋሽዬ፣ አናውቀውም እኮ» አልኳቸው።

«አሁን እናውቀዋለን። ሂጂ ተቀበያት።»

ሄጄ ተቀበልኳት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አጥሚቱ ለሁለት ሰው ሆነ፤ ዘነበም ካርቶኑን በሁለቱ አልጋዎች መካከል አነጠፈ።

የማልረሳቸው ጋሽ ይፍሩ የተወለዱት ከዚያ በኋላ ነው ብል ይሻለኛል። ድነው ሲወጡ ቤታቸው አልተቀመጡም። በየሳምንቱ ወደዚያው ሆስፒታል መመላለስ ጀመሩ። ዋርድ ለዋርድ ይዞሩና አስታማሚ የሌለውን ይጠይቃሉ። የአስታማሚ መግቢያ ካርዱ ላይ «ዝምድና» የሚለው ቦታ ላይ ምን እንደሚያስሞሉ ጠይቄአቸው ነበር። «ጎረቤት። የአልጋ ጎረቤት ነበርኩ፣ ሐሰት አይደለም» አሉኝ። ጥበቃዎቹ ለመዷቸው፤ ሰው የሌለው በሽተኛ ሲመጣ ነርሶቹ ራሳቸው ይደውሉላቸው ጀመር።

ያ መጠየቅ የማያውቅ ሰው ደግሞ መጠየቅ ሥራው ሆነ። ስልኬ ጠራ ማለት ጋሽ ይፍሩ ሾርባ ፈልገው ነው። ዘነበ ጋቢ ይጠየቃል፣ ቶላ ክራንች ይዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይላካል። እትዬ ብዙነሽን «የዛሬዋ ሴትዮ ጨው የለሽ ነው የሚስማማት» ይሏቸዋል። የሚያዙት እንደ ገዛ ቤታቸው ነው። አንድ ቀን ከሥራ ደክሞኝ ወጥቼ ሳለ ደወሉና ቱግ አልኩ።

«ጋሽ ይፍሩ፣ የአገሩን በሽተኛ ሁሉ አስታማሚ አደረጉኝ እኮ።»

«ማን አስጀመረኝና?»

«እኔ እርስዎን ብቻ ነው ያልኩት።»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በቃ ዛሬ እረፊ። እኔ አለሁ» አሉኝ። አላረፍኩም፤ ሾርባውን ሠርቼ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። እንደምመጣ እርግጠኛ ነበሩ፤ ፊታቸው ላይ ይነበባል። ዛሬ የሚናፍቀኝ ከሁሉ በላይ ያ ፊት ነው። ሰው እንዲህ አድርጎ ሲጠብቅህ ደክሞኛል ማለት ከየት ይመጣል? አሁን ስልኬ ሲጠራ ሆቴሉ ነው፣ ወይም እህቴ ናት። ደክሞኛል ስል «እሺ እረፊ» ይሉኛል፣ አርፋለሁም።

እንዲህ ስንል ዓመታት አለፉ፤ ዘንድሮ ክረምቱ ሊገባ ሲል ጋሽ ይፍሩ ታመሙ። የአሁኑ ጉበት ነበር፤ ለማንም አልነገሩም ነበር ልል ስል ትዝ ይለኛል፣ ለሁሉም ነግረዋል። ለእኔም ደውለው «ተኝቻለሁ፣ ነዪ» ብለውኛል። የቀን ተረኛ ነበርኩ። የሚተካኝ ልጅ እስኪመጣ ጠብቄ፣ ከነሥራ ልብሴ በሩጫ ደረስኩ።

ጥበቃው በሩ ላይ አስቆመኝ። «ማንን ነው?»

«አቶ ይፍሩን። አስታማሚ ነኝ።»

«አንቺም የእሳቸው ነሽ?» አለኝና ወደ አጥሩ ጥግ አመለከተኝ። «ለአንድ በሽተኛ አንድ ካርድ ነው። ተራሽን ጠብቂ።»

አጥሩ ሥር ብዙ ሰው ተቀምጧል። ዘነበ ከወንድሙ ጋር አለ። ቶላ አለ። እትዬ ብዙነሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፔርሙዛቸውን ታቅፈዋል። የቀሩትን አብዛኞቹን አላውቃቸውም። አንዷ ከሱሉልታ ወተት ይዛ የመጣች ናት፤ ባሏን እዚህ ያስታመሙላት ጋሽ ይፍሩ ናቸው። አንድ አዛውንት ደግሞ ከስንት ዓመት በፊት ዓይናቸው ተሸፍኖ በተኙ ጊዜ ጋሽ ይፍሩ ጋዜጣ ያነቡላቸው እንደነበር ለጎናቸው ሰው ይናገራሉ። ካርዷን ተራ በተራ እየተቀባበሉ ነበር የሚገቡት። አንዱ ሲወጣ ለሚቀጥለው ይሰጣል። ያን ሰዓት ውስጥ የነበረው ሙላት ነው። ከእሱ ቀጥሎ እትዬ ብዙነሽ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ደግሞ ወተት የያዘችው ሴት፣ ከዚያ እኔ።

እነዚያን ሁሉ ሰዎች ሳይ መደሰት ነበረብኝ። የተደሰትኩትም በኋላ ነው። በመጀመሪያ ግን ቀናሁ። ሾርባ ያጠጣኋቸው እኔ፣ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት እኔ፣ ከማላውቃት ባለ ወተት ኋላ ተሰልፌአለሁ። ለአንድ አፍታ ከእኔ በቀር ሰው ባልነበራቸው ብዬ ተመኘሁ። ወዲያው ከራሴ ደነገጥኩ፣ እመቤቴን ጠራሁ።

እትዬ ብዙነሽ ፊቴን አይተው ይሁን አላውቅም፣ «የኔን ተራ ውሰጂ ልጄ፣ አንቺን ነው የሚፈልጉት» አሉኝ። እግራቸው አብጦ ጫማቸውን አውልቀው ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ድንጋይ ላይ ናቸው።

«ይግቡ እርስዎ» አልኳቸው። «እኔ እደርሳለሁ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ፔርሙዛውን ተቀበልኳቸው፤ አጥሚት ነው፣ ገና ትኩስ ነበር። ለጋሽ ይፍሩ መጀመሪያ ምን እንደምላቸው እያሰብኩ ነበር።

ሙላት እያነከሰ ወጣ። ካርዷን በእጁ ይዟታል። እትዬ ብዙነሽ ጫማቸውን አጠለቁና ሊቀበሉት እጃቸውን ዘረጉ። አልሰጣቸውም። ማናችንንም ሳያይ በአጠገባችን አልፎ ሄደና ካርዷን ለጥበቃው መለሰለት።